የእህቴ ጥፍሮችና ያላመንነው ቁጥር

እህቴ ስናፍቅሽ ከአምበር ወጣ ብሎ ባለው አቀበት ላይ ሦስት ጊዜ ቆመች። የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነበር። ምልክት መሆኑን ግን ያን ቀን አላወቅኩም። ቅዳሜ ነው፤ መስቀል ካለፈ ሁለተኛው ሳምንት። መጀመሪያ ስትቆም ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ አለች። ሁለተኛ ስትቆም ጤፉን እያየሁ ነው አለች። በሦስተኛው ምንም አላለችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ተነፈሰች። እኔ ሳቅኩባት።

«የከተማ ሴት!» አልኳት። «ሳሎን ቁጭ ብለሽ ጥፍር ስትቀቢ እግርሽ አቀበት ረሳ።»

«ዝም ብለህ ደብተሩን ያዝ» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኛ ላሉ ሰዎች ነው። ቤታቸው ውስጥ አቀበት የከበዳት፣ ስትተኛ የሚያስላት ልጅ ላለቻቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሌላ ሰው የጻፈውን መገልበጥ ነው። የራሴን ነገር ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ ያየሁትን በተራ አስቀምጣለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ።

ስናፍቅሽ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ጸጉር ትሠራለች፣ ሙሽሮችን ጥፍር ትቀባለች። አንድ ቀን የአንዲት ሙሽራ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ቀዩን የጥፍር ቀለም አዩና፦ «ይሄ ምኑ አዲስ ነው? እኛም ጥፍራችን ቀልቶ ነው የተዳርነው። የናንተ ግን በሳምንቱ ይላጣል» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ስናፍቅሽ ግን ቤት መጥታ እናታችንን ጠየቀቻት። እናታችን ጥፍር ስለሚያቀላው የእንሶስላ ሥር ትንሽ ነገረቻትና «ሌላውን የሚያውቁ አሮጊቶች ናቸው» አለቻት። በማግስቱ ስናፍቅሽ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛች።

ከዚያ ወዲህ ሥራ በሌላት ቀን ሁሉ የጥፍር ታሪክ ትፈልጋለች። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አይከፍላትም። ማን ቀባ፣ በምን ቀባ፣ ለየትኛው በዓል ቀባ፣ ማን ከለከለ፣ ይህን ትጽፋለች። ጽሕፈቷ ትልልቅና ጠማማ ስለሆነ እኔ በኋላ በኮምፒውተር እገለብጥላታለሁ። ገበያ ውስጥ ሴት ስታይ ዐይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሴትዮዋ እጅ ነው። አንድ ጊዜ ደብረ ወርቅ አካባቢ ወዳለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄዳለች። በግድግዳው ሥዕል ላይ የሴቶቹ ጥፍር ቀልቶ እንደሆነ ለማየት ነው። የሚያስጎበኙን መሪጌታ ግራ ገባቸው።

«ልጄ፣ ሰው ሥዕል ፊት ቆሞ ይጸልያል፤ አንቺ ጥፍር ትቆጥሪያለሽ?» አሏት።

«የኔታ፣ ሠዓሊው ከደከመበት እኔ ባየው ምን አለበት?» አለቻቸው።

መሪጌታው ሳቁ። ከዚያ ራሳቸው ጧፍ አብርተው ወደ ታች ጎንበስ አሉና አንዷን አሳዩዋት። «ይህችኛዋ ቀልታለች። ሠዓሊው ያገሩን ሙሽራ አይቶ ይሆናል» አሉ። ስናፍቅሽ ወደ ቤት እስክንመለስ ድረስ የምታወራው ስለዚያች ሴት ብቻ ነበር።

ያን ቅዳሜ የሄድነው አምበር አጠገብ ወደሚኖሩ እማማ ደብሪቱ ወደሚባሉ አሮጊት ነው። እንሶስላ እንደ ድሮው የሚያውቁ እሳቸው ናቸው ተብሎ ተነግሮን ነበር። ሥሩን አስቀድመው ቆፍረው አዘጋጅተዋል። ድንጋይ ላይ ወቀጡት። ስናፍቅሽ እየጠየቀች እኔ እጽፋለሁ። በሳቸው ልጅነት ለሠርግ እንጂ ለገበያ ጥፍር ያቀላች ሴት ይወራባት እንደነበር ነገሩን። «እኔ ግን ለገበያም ቀብቻለሁ፤ ጻፈው ልጄ» አሉኝ።

ስናፍቅሽ እጇን ስትሰጣቸው አንድ ጣቷን አጠፈች።

«እማማ፣ ይቺን አንዷን ብተዋትስ? ቀለም ያለበትና የሌለበት ጥፍር እንዴት እንደሚያድግ ላስተያይ ነው።»

«አይሆንም!» አሏት። «ያልተቀባ ጣት ጎዶሎ ይጠራል። ከቤትሽ ማንን ልታጎድዪ ነው?»

«እሱን» አለች በአገጯ እኔን እያሳየች።

«እሱማ ይቅር፤ ቢጎድልም ብዙ አይጎዳም» አሉ እማማ ደብሪቱ። ሦስታችንም ሳቅን። አሥሩም ጣቶቿ ተቀቡ። ቀጥለው እግርሽን አምጪ አሏት። ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጥልቅ መስመር ትቶ ነበር። አሮጊቷ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጎድጉዶ ቀረ።

«እግርሽ አብጧል።»

«መንገዱ ነው እማማ።»

«መንገድ እግር ያቆስላል እንጂ ያሳብጣል እንዴ?» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እኛም አልጠየቅንም። ሁለተኛው ምልክት ይህ ነበር።

እጇ በጉሎ ቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልሎ ሚኒባስ ገባን። ረዳቱ እጇን አየና «እህትህ ቦክስ ልትገጥም ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ሂሳብ ከሚያበዛ ረዳት ጋር» አለች። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እሷ ስትስቅ ሳል መጣባት። ሳሉ ረጅም ነበር። ያ ቀን ከእሷ ጋር የነበረኝ የመጨረሻው ተራ ቀን ነው። ስለዚህ ነው እንዲህ በዝርዝር የጻፍኩት።

ሌሊቱን ጋደም ማለት አልቻለችም። ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አደረች። ጋደም ስል ውኃ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል አለች። ይህን ቃል አስታውሱት። ሐኪሙ በኋላ ትክክለኛው ቃል ይኸው ነው ብሎናል።

እሁድ ጠዋት ጨርቁን ፈታንላት። ጥፍሯ ደም የረጋበት የመሰለ ጥቁር ቀይ ሆኖ ነበር። ያን ያህል የጠቆረ እንሶስላ አይተን አናውቅም። እናታችን እንኳን ሳሏን ረስታ ጥፍሯን አደነቀች። ከዚያ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ነርሷ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለች ትንሽ መሣሪያ ጣቷ ላይ አደረገችላት። ፐልስ ኦክሲሜትር ይባላል። ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በጥፍር በኩል ይለካል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከዘጠና በላይ ያሳያል። ቁጥሩ ሰማንያ አራት አለ።

ነርሷ ቅንድቧን አነሳች። «ይሄማ ልክ አይሆንም» አለች።

«ቀለሙ ነው» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ።

«የጥፍር ቀለም ነው?»

«እንሶስላ ነው። መሣሪያውን ያሳስተዋል።»

ይህን ያመጣሁት ከራሴ አይደለም። የስናፍቅሽ ደብተር ውስጥ ነበር። አንዲት የጸጉር ቤቱ ደንበኛ ለቀዶ ሕክምና ስትገባ ጥፍርሽን አስለቅቂ፣ መሣሪያው አያነብም ተብላ ነበር። ስናፍቅሽ ይህንንም እንደ ታሪክ ጽፋዋለች። እኔ ገልብጬዋለሁ። ስለዚህ አውቅ ነበር። ቢያንስ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ስናፍቅሽም ትንፋሽ ስላጠራት ራሷን በመነቅነቅ ብቻ አዎ አለች።

ነርሷ ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በጥጥ አድርጋ አሸች። አልለቀቀም። «በዚህ የሚለቅ አይደለም» አልኳት። ይህን ስናገር በኩራት ነበር። መጻፍ ያለብኝ መስሎኝ ነው የምጽፈው። በእህቴ ጥፍር ኮርቼ ነበር።

ነርሷ ሌላ ጣት ሞከረች። ሰማንያ ሦስት። ሌላ ጣት ሞከረች። ሰማንያ አምስት። «ከቀለሙ ጋር አልተስማማም» ብላ መሣሪያውን ኪሷ ከተተችው። ካርዱ ላይ ቁጥሩን አልጻፈችውም። ደረቷን አዳመጠችና ሳንባዋ ላይ ድምፅ አለ፣ የሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም አለች። አሞክሳሲሊንና የሳል ሽሮፕ ታዘዘልን። ነርሷን አልወቅሳትም። ትሑት ሰው ነበረች፤ ወረፋው ደግሞ እስከ በሩ ደርሶ ነበር። የሚያሳስት ምክንያት ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ሰኞ ተቀምጣ ዋለች። ማክሰኞ ተቀምጣ ዋለች። ጎረቤት ሁሉ ብርድ ነው አለ። አባታችን የትምህርት ቤት ጥበቃ ነው፤ ከሥራው እየተመላለሰ በር ላይ ቆሞ ያያታል። «ከንፈርሽ ምን ነካው?» አላት ማክሰኞ። መስታወት አምጣልኝ አለችኝና አየች። ጠቁሯል። ጥፍሯ ላይ ቢሆን በቀለሙ ምክንያት አናየውም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አስላት። ጨርቁ ላይ አረፋ ወጣ። አረፋው ሮዝ ነበር።

ባጃጅ ጠራሁ። አባቴ አቀፋት። ቀለል ያለች ነበረች። ግን ትንፋሿ ይሰማ ነበር። ብርጭቆ ውስጥ እንደሚፈላ ውኃ።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያገኘን ሐኪም ወጣት ነው። መሣሪያውን ሲያወጣ ፈጥኜ «ዶክተር፣ የጥፍሯ ቀለም...» አልኩ።

መሣሪያውን የጆሮዋ ጫፍ ላይ አደረገው። ሰባ አለ።

«ጆሮዋ አልተቀባም» አለኝ።

ኦክስጅን አደረጉላት። ላሲክስ የሚባል መርፌ በደም ሥሯ ሰጧት። ሦስት ሰዎች ከበቧት። እኔ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። ያ ቁጥር ከእሁድ ጀምሮ እውነቱን ሲነግረን ነበር። ሦስት ጣት ላይ ደጋግሞ ነግሮናል።

ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ቀለሙ በእርግጥ ያሳስት ነበር ወይ አልኩት። «አንዳንድ ቀለም ሊያሳስት ይችላል» አለ። «ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሦስት ጣቱ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ሲወጣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለብን ቀለሙን ሳይሆን ሕመሙን ነው። ጆሮ አለ። ከንፈር አለ። ትንፋሽ መቁጠር አለ።» እሁድ ብናመጣት ትድን ነበር ወይ አልኩት። «አላውቅም» አለ። «ሦስት ቀን ግን ለደከመ ልብ ብዙ ነው።» እውነቱን ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ።

ሕመሟ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ከልቧ በሮች አንዱ ጠቧል፤ ማይትራል ስቴኖሲስ ብሎ ጻፈልን። በሩ በደንብ ስለማይከፈት ደሙ ወደ ኋላ ይመለስና ሳንባ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። ልቧም ምቱን ስቷል፤ ይህ አትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ሐኪሙ እናታችንን «በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያማት ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«ያማት ነበር። እንጥሏን አስቆረጥኩላት። ከዚያ ወዲያ ጉሮሮ አልነካትም» አለች እናቴ።

«መገጣጠሚያዋንስ?»

«አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ጉልበቷና ክርኗ አብጦ አልጋ ላይ ከርማ ነበር። ቁርጥማት ነው ብለን በቅቤ አሸናት። ተነሳች።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ጥፋቱ የእንጥሉ አልነበረም» አላት ቀስ ብሎ። «የጉሮሮው ሕመም በፔኒሲሊን ካልታከመ ሰውነት ከጀርሙ ጋር ሲዋጋ መገጣጠሚያንና ልብን ይጎዳል። መገጣጠሚያው ይድናል። ልብ ግን ጠባሳ ይይዛል። ጠባሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚታየው።» እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሕክምና አላሳጣናትም ነበር፤ አስቆርጠንላት ነበር እኮ። ያስቆረጥነው ግን ሕመሙን አልነበረም።

ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ላሲክሱ ሥራውን ሲሠራ፣ ውኃው ከሳንባዋ እየቀነሰ፣ እብጠቱም ከእግሯ እየወረደ ሄደና ሐሙስ ጠዋት ስደርስ ሁለት ትራስ ተደግፋ፣ የኦክስጅኑን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ እንዳደረገች፣ አጠገቧ ካለች ታማሚ ጋር ስታወራ አገኘኋት። የምታወራው ስለ ጥፍር ነበር። እኔን ስታይ «አንሙት፣ ደብተሩን አላመጣህም?» አለችኝ። ተመልሼ ሮጬ አመጣሁት። በቀኝ እጇ ላይ መድኃኒት የሚገባበት መርፌ ስለተሰካ መጻፍ አትችልም፤ ስለዚህ እሷ እየጠየቀች እኔ ጻፍኩ፤ እናም በዚያ ክፍል ውስጥ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የሰበሰበችው ነገር ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ከሰበሰበችው ይበልጣል።

ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ ነበር። በመስኮቱ በኩል የተኛችው የመንግሥት ሠራተኛ ባሏን ተከትላ ከወሎ የመጣች ሙስሊም ሴት ናት። እሷ ስለ ሂና ነገረችን፤ ለዒድ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ የሙሽራ እጅ ላይ ሐረግ ሲሳል ሴቶቹ እስኪደርቅ ድረስ እንዴት እያጎረሷት እንደሚያመሹ በእጇ አየር ላይ እየሳለች አሳየችን። አንዲት መነኩሴ ደግሞ ዓለምን ከተዉ በኋላ የሠርጋቸው ቀለም ከጥፍራቸው እስኪያልቅ አምስት ወር ሙሉ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ እንደደበቁ ነገሯትና ራሳቸው ሳቁ። «ባሌ በወሩ ሞተ፤ ቀለሙ ከሱ በላይ ኖረ» አሉ። ስናፍቅሽ ሳቀችም አዘነችም። ከደጀን በኩል የመጣች አንዲት ገበሬ ግን ጥያቄው ሲደርሳት እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተች።

«የኔ ጥፍር ታሪክ የለውም እቴ። አፈር ብቻ ነው» አለች።

«አፈርም ቀለም ነው» አለቻት ስናፍቅሽ። «አሳዪኝ። አንሙት፣ ጻፈው።»

ሴትዮዋ እጇን አወጣች። ስናፍቅሽ በግራ እጇ ጣቶቿን አንድ በአንድ ይዛ አየቻቸው፤ ይህ በማጭድ ነው፣ ይህ በወፍጮ ነው እያለች ሴትዮዋ ተናገረች፤ እኔም ጻፍኩ። በመጨረሻ ሴትዮዋ «እንግዲህ እኔም መጽሐፍ ገባሁ» ብላ ለጎረቤት አልጋ አወራች። እህቴን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ሐኪሙ ቅዳሜ ጠዋት ለጉብኝት ሲመጣ የጆሮዋ ቁጥር ዘጠና አንድ ደርሶ ነበር። ለልብ የኤኮ ምርመራ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንደሚልካት፣ በሩን በቀዶ ሕክምና ወይም በደም ሥር ገብታ በምትነፋ ትንሽ ፊኛ መክፈት እንደሚቻል፣ ከዚያም በየወሩ ፔኒሲሊን እየተወጋች እንደምትኖር ነገራት። «ጸጉር ቤት ቆሜ መሥራት እችላለሁ?» አለችው። «ተቀምጠሽ ጥፍር ቅቢ» አላት። የሪፈር ወረቀቱን ሰኞ እጽፋለሁ አለ።

እኔም ሰኞን ጠበቅኩ። ለመንገዱ ልብሷን በሻንጣ አዘጋጀን። አባቴ ፈቃድ ጠየቀ።

እሁድ ጠዋት ቁርስ አመጣሁላት። አጥሚት ነው። ኩባያውን በቀኝ እጇ ተቀበለችኝ። ኩባያው ወደቀ።

«እታለም?» አልኳት።

አየችኝ። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ። አንድ ነገር ልትለኝ ፈለገች። ቃሉ አልመጣም። እንደገና ሞከረች። አልመጣም። መነኩሴዋ ጮሁ። ነርሶቹ መጡ።

ሐኪሙ ከቤቱ ተጠርቶ መጣ። «ልቧ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎሏ ሄዷል። ስትሮክ ነው» አለ። ልብ ምቱን ሲስት ደም ይረጋል። ይህ አደጋ እንዳለ ነግሮን ነበር። እኛ ግን የሰማነው ስለ ፊኛው ብቻ ነው።

ቀን ሙሉ ግራ እጇን ይዤ ዋልኩ። እስከ ከሰዓት በኋላ ትጨብጠኝ ነበር። ከዚያ አልጨበጠችኝም።

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አረፈች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ቀበርናት። ስለ ቀብሩ ብዙ መጻፍ አልችልም። ያጠቧት ሴቶች ጥፍሯ ላይ ያለውን ቀለም ምን እናድርገው ብለው እናቴን ጠየቋት። «ተዉት» አለቻቸው። ቀለሙ ገና አሥር ቀኑ ነበር። ከሥሩ በኩል ቀጭን ነጭ መስመር ወጥቷል። ያን ያህል ነው ጥፍሯ ያደገው።

እናንተ ግን ይህን የምታነቡት እስካሁን ሰዎቻችሁ በሕይወት እያሉ ነው። ስለዚህ የቀረውን ለእናንተ እላለሁ። ጋደም ስትል የሚያፍናት፣ አቀበት ላይ ደጋግማ የምትቆም፣ እግሯን ሲጫኑት የሚጎደጉድ ልጅ ካለች ብርድ ነው አትበሉ። ልቧ ይታይላት በሉ። መሣሪያ ክፉ ቁጥር ሲያሳይ ምክንያት ፈልጋችሁ አታሰናብቱት፤ ጆሮዋ ላይ አድርጉት ብላችሁ ለምኑ። እኔ ያደረግኩትን አታድርጉ። ለአስታማሚ ትንሽ ማወቅ ከአለማወቅ የሚብስበት ጊዜ አለ። እንሶስላና ሂና ጥፋት የለባቸውም። እህቴ የምትወዳቸው ነገሮች ናቸው፤ በኔ ምክንያት ስማቸው እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን ስትቀቡ አንድ ጣት ተዉ። አሮጊቶቻችን ጎዶሎ ይጠራል ቢሏችሁ፣ እጃቸውን ስማችሁ ይቅርታ ጠይቁና ተዉት። ለሕመሙ በየወሩ መርፌ የታዘዘላችሁ ደግሞ ጤነኛ ነኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ስናፍቅሽ ያንን መርፌ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ያገኘችው።

ለዚያ ወጣት ሐኪም፣ በሰንበት ከቤቱ ለመጣው፣ ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ለባለ ስድስት አልጋው ክፍል ሴቶች ምስጋናዬ ትልቅ ነው። የእህቴን የመጨረሻ ሦስት ቀን የታማሚ ቀን እንዳይሆን አድርገውላታል። የክሊኒኳንም ነርስ አመሰግናለሁ። ቀብሩ ላይ ቆማ አየኋት። ማንም አልጠራትም። መጥታ እናቴን አቅፋ አለቀሰች።

አሁን የቀረኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የቀብሩ ማግስት።

ድንኳን ውስጥ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አላለቀስኩም። ከሞተች ጀምሮ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ሰዎች ይህን እያዩ እንደሆነ ይታወቀኛል። ከሉማሜ የመጣችው አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ የስምንት ዓመት ልጇን ማስተዋልን ጭኗ ላይ አስተኝታ ከሴቶቹ ጋር ታወራለች። ልጅቱ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መዋጥ አልቻለችም፤ ሰውነቷም ይፋጃል። «እንጥሏ ወርዶ ነው» አለች አክስቴ። «ሣልስቱን ውዬ ስመለስ አስቆርጥላታለሁ። ሰፈራችን ጎበዝ ቆራጭ አለ።»

ሴቶቹ አዎ አሉ። እናቴ አክስቴን አየቻት። ልትናገር አፏን ከፈተችና በነጠላዋ ሸፈነችው።

እኔ ተነሳሁ። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ ሄጄ ልጅቱን ከአክስቴ ጭን ላይ አነሳኋት።

«ወዴት ነው?» አለች አክስቴ።

«ጤና ጣቢያ።»

«አብደሃል? የእህትህ አፈር ሳይደርቅ ከድንኳን ትወጣለህ?»

አንድ ሽማግሌ ከወንዶቹ በኩል «ወንድም ሐዘን ላይ ጥሎ አይሄድም፤ ነውር ነው ልጄ፤ ሌላ ሰው ይላክ» አሉ። ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አባቴን አየሁት። ከእሁድ ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁትም ነበር።

«ተዉት ይሂድ» አለ።

ማስተዋልን አዝዬ ሄድኩ። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ትኩስ ነበር። ጤና ጣቢያው ገና መከፈቱ ነው። ያየቻት ጤና መኮንን በባትሪ ጉሮሮዋን ተመለከተች፣ አንገቷን ዳሰሰች፣ ሙቀቷን ለካች። ስንት ቀኗ ነው አለችኝ። ሦስተኛዋ ነው አልኳት። ካርድ ላይ ጻፈች፤ የጻፈችውን ሁሉ አየሁ፤ ቁጥሩን ጽፋዋለች። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አዘዘችላት። ልጅቱ ስትወጋ እጄን ነክሳ ጮኸች። እኔ አጥብቄ ያዝኳት።

ጤና መኮንኗ የተዘቀዘቀውን የሐዘን ነጠላዬን አየች። ማን እንደሞተብኝ አልጠየቀችኝም። ካርዱን ስትሰጠኝ «በጊዜው አመጣሃት» አለችኝ።

ከዚያ ወጥቼ ደጅ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ነው ያለቀስኩት። ድምፄን መያዝ አልቻልኩም፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ያዩኝ ነበር። ማስተዋል እኔንም የወጉኝ መሰላት። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና «አይዞህ» አለችኝ፤ «ትንሽ ነው የሚያምህ።»